የራዲዮኑ ቤት

ለመርማሪው በተሰጠው ወረቀት ላይ ስም አልነበረም። «ቁጥር ሰባት» ይላል። ከሥሩ የቤት አድራሻ አለ፣ ከዚያ ሁለት አጭር መስመር፦ «ሠላሳ ዓመት አገልግሎት። ጎረቤት የሥራውን ዓይነት አያውቅም።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ለአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ሊሾም ነው። ዕጩ ሁሉ ከመሾሙ በፊት በገዛ መሥሪያ ቤቱ በድብቅ ይጠናል። አጥኚው ግን ስም አይነገረውም፤ ነገ አለቃው ለሚሆን ሰው ከወዲሁ እንዳያጎበድድ ነው። ደንብ ነው እንግዲህ።

«እስከ ሐሙስ ጠብ የሚል ነገር ካላመጣህ የዝውውሩን ነገር እርሳው» አለው የቅርብ አለቃው።

ዝውውሩን ከጠየቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። የዘጠኝ ዓመት ልጁ አስም አለባት። የትልቁ ከተማ ጭስ አልስማማ ስላላት ከእናቷ ጋር በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ ርቃ ትኖራለች። ሳሉ ሲነሳባት አባትየው በስልክ ከመስማት በቀር ምንም አያደርግላትም። ማመልከቻው ላይ ግን «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ብቻ ነው የጻፈው። በዚያ መሥሪያ ቤት የቤቱን ጭንቀት ያወራ ሰው፣ በጭንቀቱ የሚጠመዘዝ ነው ተብሎ ይያዝበታል። ስለዚህ ከሚስቱ በቀር ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ሰኞ ከሥራ መውጫ በኋላ የቆጠራ ሠራተኛ መስሎ በሩን አንኳኳ። የከፈተለት ሽርጥ የታጠቀ ጡረተኛ ነበር። ሰፈሩ «ራዲዮኑ» ይለዋል፣ ያለምክንያትም አይደለም። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት መንገድ ሲለካ እንደኖረ፣ የትኛው ድልድይ ጠሞ እንደተሠራ፣ ማን አይቶ እንዳላየ ሆኖ እንደፈረመ ዘረገፈለት። ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ የደም ግፊቱ፣ ከዚያ ከጎረቤት ጋር በአጥር የገጠመው ጠብ። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ትሰፋ ነበር።

«የቤቱን ኃላፊ ማን ብዬ ልጻፍ?» አለ መርማሪው።

ራዲዮኑ ሳቀና በአገጩ ወደ ሚስቱ አመለከተ። መርማሪውም ለደንቡ ፈገግ ብሎ የሽማግሌውን ስም ጻፈ።

ሰፈሩንም ጠየቀ። ባለሱቁም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም ሽማግሌው ምን ይሠራ እንደነበር አንድ በአንድ ነገሩት፤ ድልድዩን ጭምር። መርማሪው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ጎረቤት አያውቅም ይላል፤ እነዚህ ደግሞ የጉልበቱን ራጅ ሳይቀር ያውቃሉ። ስለዚህ ወሬው በሙሉ መሸፈኛ ነው። ይሄ ሰውዬ ዋዛ አይደለም አለ በልቡ።

ማክሰኞ ቆጠራው አላለቀም ብሎ ተመልሶ ሄደ። ስልክ ጮኸ፤ ራዲዮኑ አነሳና ለሚስቱ አቀበላት። «አይሆንም» አለች። ጥቂት ሰማችና «ነገ ጠዋት» ብላ ዘጋች። መርማሪው ነቃሁበት አለ በልቡ። ሽማግሌው እሱ ፊት ላለማውራት መልእክቱን በሚስቱ በኩል ማድረጉ ነው። እስቲ እሷንስ ብሎ ምን ሥራ ላይ እንደሆነች ጠየቃት።

«ቢሮ ነው፣ ወረቀት ነው» ብሎ ባልየው ቀድሞ መለሰላት። «ስለ ወረቀት ደግሞ ምን ይወራል?» ወዲያው ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

ረቡዕ የመጨረሻው ቀን ነበር። ራዲዮኑ ሻይ ላፍላ ብሎ ጓዳ ገባ፤ እንደ ልማዱ ከዚያም ሆኖ ያወራል። መርማሪው ሴትዮዋን ብቻዋን በማግኘቱ ቸኮለ። ባለቤትዎ ይወጣሉ ወይ፣ ሰው ይመጣባቸዋል ወይ፣ የሚደብቁት ወረቀት አለ ወይ አላት። ሁሉንም «አይ» እያለች መለሰች። ከሦስት ቀን ልፋት የተረፈው አንድ ገጽ «አይ» ብቻ ሆነ። ተስፋ ቆርጦ ደብተሩን ከደነ።

«ደክሞሃል» አለችው። «ልጅ አለህ?»

እንዴት እንደጀመረው አያውቅም። ሳሉን፣ አውቶቡሱን፣ በስልክ የሚሰማውን የትንፋሽ ሲር ሲር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ያጣውን ማመልከቻ ሁሉንም ነገራት። መርፌዋን አቁማ ሰማችው። «ስንት ዓመቷ ነው?» ከማለት በቀር አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አፈረ። ብድግ ብሎ ወጣ። ራዲዮኑ ትሪ ይዞ በር ድረስ ቢከተለውም ዞር ብሎ አላየውም።

ሐሙስ ጠዋት በራሱም በዓለሙም እንደተናደደ ጻፈ፦ «ቁጥር ሰባት አፉን መጠበቅ አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው ለምስጢር ሥራ አይሆንም። ሚስቱን በተመለከተ የሚጻፍ ነገር አልተገኘም።» አለቃው አንብቦ «ይሄ ነው እንግዲህ የሦስት ቀን ሥራ?» አለውና አሽጎ ወደ ላይ ላከው። ስለ ዝውውሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። መርማሪው የዚያን ቀን ለልጁ ሊደውል አስቦ ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ጠፋው።

ሹመቱ ጸደቀ። በማግስቱ አለቃው ራሱ ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ የታሸገ ፖስታ አስቀመጠለት። «አዲሱ ሹም ለአንተ በእጃቸው የጻፉት ነው» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

በፖስታው ውስጥ የገዛ ሪፖርቱ ነበር። ከመጨረሻው መስመር በታች በሰማያዊ ብዕር ተጽፎበታል፦

«የልጅህ ሳል እንዴት ሆነ? ወደ እሷ የጠየቅከው ዝውውር ተፈቅዷል። እዚያ ግን መዝገብ ቤት ትመደባለህ፤ አንተው እንዳልከው፣ አፉን መጠበቅ የማይችል ሰው ለምስጢር ሥራ አይሆንም። ሻዩን ሳትጠጣ ስለሄድክበት ባለቤቴ ቅር ብሎታል።»