የዋሂል ተሳፋሪ

«አቦ፣ ይሄ ነገርሽ ዛሬም ሰዉን ሁሉ ሳቢያን ከላከው ሥራውን ለሌላ እሰጠዋለሁ!» አለች የሚኒባሶቹ ባለቤት ዓናብ ስልኳን እያነሳች። የመሳፈሪያ ማስያዣውን ድረ ገጽ የሠራችላት ኑሀሚን ናት። ስትሞክረው ሁሌ ሰፈሯን ሳቢያንን ስለምትመርጥ፣ ሌላ ቦታ ሲመረጥ ምርጫው ከቅጹ ወደ ቀጣዩ ገጽ እንደማያልፍና ሁሉም ሳቢያን ተብሎ እንደሚመዘገብ ያወቀችው ገና ትናንት ነበር። ሌሊቱን አስተካክላዋለች።

ዓናብ ስሟን ሞላች፤ ከመድረሻዎቹ ዋሂልን መረጠች፤ «ላክ» የሚለውን ነካች። ገጹ ለአፍታ ባዶ ሆነ። ኑሀሚን ዓይኗን ከዓናብ አውራ ጣት ላይ አልነቀለችም።

«ዓናብ!» ብሎ ሾፌሩ ናሲር ከደጅ ጮኸ። «ስምሽ ስልኬ ላይ መጣ። ዋሂል ነው የምትሄጂው? ቶሎ ውጪ፣ መኪናው ሊሞላ ነው!»

«ሂጂያ፣ ያመልጥሻል!» አለች ኑሀሚን ላፕቶፗን እየከደነች።