በሻሽ ጫፍ የታሰረ ቁልፍ

ሀዲያ ባሏን ሙሐሲንን ወግዲ ትታ መካነ ሰላም ከገባች ወዲህ፣ ጠዋት ወደ ስፌት ቤት ስትሄድ አንድ ልማድ አላት። መስኮት የሌላትን የኪራይ ክፍሏን ትቆልፍና ቁልፉን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ድምጿን አውጥታ «ቆልፌያለሁ» ትላለች።

አከራይዋ እማማ እናኑ ግቢውን መጥረግ አቁመው፣ «አብሽሪ፣ ቆልፈሻል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ይሏታል።

ምስክር ያስፈለጋት ወዳ አይደለም። ሙሐሲን ጮሆባት አያውቅም። እሷ የቆለፈችውን በር ራሱ ከፍቶ ይጠብቃትና፣ እንደ ሕመምተኛ እያባበለ፣ «ሀዲያዬ፣ አልቆለፍሽም እኮ» ይላት ነበር። የሠራችው ወጥ ላይ ጨው ይጨምርና «አንቺው ነሽ የደገምሽው» ይላታል። በመጨረሻ የገዛ እጇን ማመን አቃታት። ያን እምነት ቀስ በቀስ የመለሱላት እማማ እናኑ ናቸው።

ዛሬም ቆለፈች፤ ቁልፉንም ቋጠረች።

«ቆልፌያለሁ» አለች።

እማማ እናኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ከበሩ ጀርባ፣ ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ሀዲያዬ፣ አልቆለፍሽም እኮ።»

መጥረጊያው ከአሮጊቷ እጅ ወደቀ።

«እርስዎም ሰሙት?» አለች ሀዲያ።

«ሰማሁ ልጄ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትከፍቺ!»

ሀዲያ ግን አንገቷን ደፍታ ቋጠሮውን መፍታት ጀምራለች።

«አፉ በለኝ» አለች ወደ በሩ፣ «ረስቼው ነው።»