አንድ ሲሲ ስንት ሚሊ ነው?

ስሜ ሲሳይ ቢሆንም ሰፈሩ «ሲሲ» ነው የሚለኝ። ጎረቤቴን ሚሊዮንን ደግሞ «ሚሊ» ይሏታል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሲሲ ከአንድ ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው። ሳይንስ ያጣመረውን ማን ይለየዋል እያልኩ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስንቴ ሠርጋችንን ደገስኩ!

ትናንት ደፍሬ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ሚሊ፣ አንድ ሲሲ ስንት ሚሊ ነው?»

«አንድ ነዋ! ምነው?»

«ሺህ ሚሊ አንድ ሊትር ይሞላል። ለእኔ ግን አንዷ ትበቃኛለች።»

በሳቅ ፍርስ አለች። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

እናቷ ከጓዳ፣ «ማነው ሚሊዬ?» አሉ።

«ሲሲ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ እጮኛሽን በር ላይ ታቆሚዋለሽ? አስገቢው እንጂ!»

ልገባ እግሬን አነሳሁ።

«አይ እማዬ፣ ይሄኛው የጎረቤታችን ሲሲ ነው።»