እርጥብ ሣር በሴቶች ግቢ

ሽማግሌው ኦይታ አርባ ምንጭ በሚገኝ አንድ ማረሚያ ቤት፣ ባሏን በመግደል በተፈረደባት ወጣት ሴት ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። በጋሞ ምድር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ እንቢ ማለት ታላቅ ነውር ነው። የሟች ወገኖች ለዕርቅ ፈቅደዋል፤ ሣሩን ተቀብላ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ መሆኑን ካመነች የይቅርታ ማመልከቻዋ ይቀጥላል፤ ካልተቀበለች ግን አሥራ ሁለት ዓመት ይጠብቃታል። ወጣቷ እጇን አልዘረጋችም።

«ልጄ፣ ጉልበቴ አርጅቷል፤ አታቆዪኝ» አሏት።

«ያኔም እንዲሁ ይሉኝ ነበር፤ እርስዎ ረስተውኛል እንጂ። ዱላውን ሸሽቼ አባቴ ቤት በገባሁ ቁጥር ሣር ይዘው ሦስት ጊዜ ወደ ባሌ መለሱኝ። በአራተኛው መሸሽ አፈርሁና እዚያው ቀረሁ። የሆነው ሁሉ የሆነው ያን ዕለት ነው።»

ሽማግሌው ክው አሉ። ያስታረቁትን ትዳር ሁሉ እንደ ጽድቅ ሲቆጥሩት ኖረዋል። ቀና ሲሉ፣ አምና ሁለት ሦስት ሴቶች ብቻ ያዩበት ግቢ በሴት እስረኞች ሞልቷል።

«እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ?» ሲሉ አጠገባቸው የቆመችውን ፖሊስ ጠየቁ።

«እኔን ከሚጠይቁኝ እነርሱን ይጠይቋቸው፣ አባቴ።»

ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ከእናንተ መካከል ሽማግሌ ወደ ባሏ የመለሳት አለች?» አሉ።

ጥላ ሥር ጥጥ ይፈትሉ ከነበሩት አሥራ አንድ ሴቶች ሰባቱ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ተነሡ።