በብሪታ ወንበር ላይ

ጋርዝ ሶርንሰን በድምፅ ተረብሾ አያውቅም፤ ቢያንስ ራሱ እንደሚያወራው። ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ የጎሚስታ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጆሮው ሥር ኮምፕሬሰር ሲጮህ ይውላል፤ ምሳውንም የሚበላው እዚያው ኮምፕሬሰሩ ጎን ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ልጁ ብሪታ ክፍል ውስጥ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች ሲሉት ነገሩ ቅብጠት መሰለው።

ብሪታ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ትምህርት ቤቱ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ ታድርግ ብሎ ነበር። እናቷ ማርሊስ ወዲያው ተስማማች። ጋርዝ ግን እምቢ አለ።

«ዛሬ ጆሮዋን ሸፈንሽላት፣ ነገ ደግሞ ዓይኗን ልትሸፍኚላት ነው? ትልመደው! እኔ ለምጄው የለ?»

ነገሩ እንደዚሁ እንዳለ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ዓለም እንዴት እንደምትሰማው፣ እንዴት እንደምትሸተው፣ ወላጅ በራሱ ላይ የሚሞክርበት ዝግጅት ነው ተባለ። ልዩ መሣሪያ ሁሉ አለው አሉ። ማርሊስ ይህን ስትሰማ ባሏን ወጥራ ያዘችው።

«እንወራረድ። እስከ መጨረሻው ከቦታህ ሳትነቃነቅ ከቆየህ የጆሮ መሸፈኛውን ነገር ሁለተኛ አላነሳብህም። ካቃተህ ግን ብሪታ ከነገ ጀምሮ ታደርጋለች።»

«በይ ከአሁኑ እርሺው» አለ ጋርዝ።

በቀጠሮው ቀን ከሥራ መልስ ብሪታን አክስቷ ጋ ትተው ሄዱ። በረዶው በርትቶ ስለነበር ጋርዝ ፒክአፑን ያገኘው ቦታ ገትሮ ገባ። በር ላይ የቆመች ሴትዮ ክፍሉን አሳየቻቸውና «የልጃችሁ ቦታ ላይ ቁጭ በሉ» ብላቸው ሄደች። የብሪታ ስም የተለጠፈበት ጠረጴዛ መስኮቱ ጋ ነበር። ጋርዝ ትንሿ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ማርሊስ ከጀርባው ሆና የጀመረችውን ሹራብ መሥራት ቀጠለች። ከነሱ ሌላ የመጣው ዱዌይን የሚባል የሌላ ልጅ አባት ብቻ ነው፤ የበቆሎ ቺፕስ ይዟል።

ጋርዝ ጆሮውን አቆመ። ከጣራው መብራት ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ጀመሩ» አለ እየሳቀ። «ጣራው ውስጥ ንብ ያረቡ ነው የሚመስለው። ይቺ ናት?»

ማርሊስ ከሹራቧ ቀና አላለችም።

ድምፁን አንዴ ከሰማው በኋላ አልሰማም ቢል አልሆነለትም። መብራቱ ደግሞ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ የረጠበ ቦቲ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ሙጫ። ጋርዝ አፍንጫውን ያዘ።

«ሽታውን እንኳ አስበውበታል! የት አባታቸው ደብቀውት ነው?»

የማሞቂያው ቧንቧ ኳ! አለ። ጋርዝ ዘለለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ኳ! አለ፤ መቼ እንደሚደግም አይታወቅም፣ የባሰው እሱ ነው። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ዱዌይን ቺፕሱን ይቆረጥማል።

ጋርዝ ወደ ሚስቱ ዞሮ አንሾካሾከ። «ሰውዬው ከነሱ ወገን ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ ቺፕሱ! ከፍለውት ነው። ደህና ሰው እንዲህ አድርጎ አይበላም።»

«ወንድሜ፣ ላካፍልህ?» አለ ዱዌይን ከረጢቱን እየዘረጋ።

«ብልጥ ነህ!» አለው ጋርዝ። «አታገኘኝም!»

ዱዌይን ግራ ገብቶት ከረጢቱን ሰበሰበ።

በዚህ መሐል የድምፅ ማጉያው ተንጫረረ። «ግራጫ ፒክአፕ መግቢያው ላይ ያቆማችሁ፣ እባካችሁ አንሡልን!»

«ያንተ እኮ ነው» አለች ማርሊስ።

«መኪናዬን ሁሉ አጥንተዋል! ተነሥቼ እንድወጣላቸው ነው። እኔን ነው? ንቅንቅ አልልም!»

ማጉያው ደገመ፤ ሠለሰ። በተናገረ ቁጥር ይንጫረራል። ያን ጊዜ ለብሶት የመጣው አዲስ ሹራብ ኮሌታ የጋርዝን አንገት ይበላው ጀመር።

«ይሄን ሹራብ ያለበስሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺም አለሽበት!»

«ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ መጣበት። መብራቱ፣ ቧንቧው፣ ሰዓቱ፣ ቺፕሱ፣ ማጉያው፣ አንገቱ። የቱን ይተው? ላብ አጠመቀው። ሊናገር አፉን ከፍቶ ቃሉ ጠፋበት። ኮምፕሬሰር ጎን ምሳውን የሚበላው ጋርዝ ሶርንሰን ወንበሩን ገፍትሮ፣ ጭንቅላቱን በጃኬቱ ጠቅልሎ፣ ጠረጴዛው ሥር ተወሸቀ። ከወገቡ በታች ግን አልገባለትም፤ ውጭ ቀረ።

ታች ይሻላል። መብራቱ አይደርስም፣ ድምፁም ትንሽ ራቅ ይላል። ቀና ሲል ከጠረጴዛው በታች በኩል የተለጠፉ ትናንሽ ኮከቦች አየ፤ በየቀለማቸው ተሰልፈዋል። የብሪታ ሥራ ነው። እዚህ ገብታ፣ እስኪያልፍላት ድረስ ኮከብ ስትደረድር ታየችው። ቤት ስትመለስ ደግሞ እሱ «ዛሬም ገባሽ?» እያለ ይቆጣታል። አንጀቱን በላችው።

«ማርሊስ» አለ ከሥር። «አሸንፈሻል። ከነገ ሳይሆን ከዛሬ ታድርግ።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ትንሽ አጋንነውታል። እውነት እንዲህ ቢሆንማ ልጅቷ ቀኑን እንዴት ትውለዋለች? በቃ፣ መሣሪያቸውን ያጥፉልኝ!»

በሩ ተከፈተ። የብሪታ አስተማሪ ሚስስ ሃልቨርሰን እስከ ጉልበቷ በረዶ ሆና፣ ትልቅ ካርቶን ታቅፋ፣ እያለከለከች ገባች።

«በጣም ይቅርታ፣ ዘገየሁባችሁ» አለች። «አሁን መሣሪያዎቹን ልሰካና እንጀምራለን።»