በጭብጨባ ይጽደቅ

እስኪ ንገረኝ፤ ለማን እንደሚጨበጨብ ሳታውቅ እጅህ ቀድሞህ ተነሥቶ አያውቅም? አያውቅም ካልክ ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ በተከራየነው የሰርግ አዳራሽ ውስጥ የለህም።

የፓርቲያችን የመጀመሪያ ጉባኤ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ያጮልቃል። የአባልነት ካርዴን ደረቴ ላይ ሰክቼዋለሁ። ከሥሩ ልቤ ይደልቃል። ሃያ ዓመት ስለ ምርጫ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ ገና ልመርጥ ነው!

አጠገቤ እትዬ ወለተ ሐዋርያት ተቀምጠዋል። ከጉንደ ወይን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ ስቀሰቅስ፣ «ለማጨብጨብ ከሆነ ይቅርብኝ፤ እሱን ጠግቤያለሁ» ብለውኝ ነበር። «በእኛ ፓርቲ እጅ ይቆጠራል እንጂ አይጨበጨብም» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ያንን ቃል ይዞ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ተከትሎኝ መጥቷል።

መድረኩ ላይ ያለፈው ሰርግ የፕላስቲክ አበባ እንኳ አልተነሣም። ሰብሳቢያችን አቶ ደመላሽ የሙሽራው ወንበር ላይ ተደላድለው ማይክራፎኑን እፍ እፍ ይላሉ።

«ውድ አባላት! አካባቢያችንን ወክሎ የሚወዳደረው ዕጩ በማዕከል ተመርጦልናል። ስሙ በቅርቡ ይገለጻል። በጭብጨባ እናጽድቀው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። የራሴ እጅ እንኳ ከጭኔ ላይ ተነሥቷል፤ እንደምንም ይዤ አስቀረዋለሁ።

እትዬ ወለተ ሐዋርያት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። የሚያዩት መድረኩን አይደለም፤ እኔን ነው።

«አንች መምህርት፣ እንዲህ ነበር ያልሽኝ?»

ደሜ ይፈላል። ከነጫማዬ ወንበሩ ላይ እወጣለሁ።

«አቶ ደመላሽ! ሙሽራው ሳይታይ ነው እልል የምንለው?»

ሳቁ ከዳር ዳር ይፈነዳል። ጭብጨባው ይቆራረጥና ይቆማል።

«መምህርት መቅደላዊት፣ ሥነ ሥርዓት! ጥያቄ በጽሑፍ ነው። ደግሞ ለፓርቲው ገና አዲስ ነዎት።»

«አዲስ ስለሆንኩ ደንቡን አንብቤዋለሁ! ዕጩ የሚመረጠው በአባላት ድምፅ ነው ይላል። ሲጻፍ አልነበሩም?»

«ስሙን ይንገሩን እንጂ!» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ምናልባት ገና አልተወለደም ይሆናል!» ይላል ሌላው።

አቶ ደመላሽ ስልካቸውን ከኪሳቸው ሳብ አድርገው ያያሉ። መልሰው ይከታሉ። እንደገና ያወጣሉ። ያን ጊዜ ይገባኛል፤ ሰውየው ስሙን አያውቁትም! ከማዕከል እስኪደወልላቸው ነው የሚጠብቁት።

ከጎኔ ነጠላ ሲገለጥ ይሰማኛል። የእትዬ ወለተ ሐዋርያት እጅ ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

«እኔ አላጸደቅሁም» ይላሉ። «ቁጠሩኝ።»

ከጉንደ ወይን ከመጡት አንዱ እጁን ያወጣል። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ የማላውቃቸው፣ የመርጡለ ማርያሞች ናቸው መሰል፣ ረድፉ እንዳለ እጃቸውን ያነሣሉ። አሁን እያጨበጨቡ የነበሩት እጆች ናቸው! በመስኮቱ ሳይቀር እጅ ገብቷል።

አቶ ደመላሽ ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ ብለው፣ «መምህርት፣ ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ብቅ ቢሉ፣ ለብቻችን...» ይላሉ።

«ለብቻችን የለም! ይኼ ሁሉ እጅ ሳይወርድ፣ እዚሁ፣ በያዙት ማይክራፎን ይመልሱ፦ ያጸደቅነው ማንን ነው?»