«ምንጮች» የሚለው አቋራጭ

ጋዜጠኛዋ ቦግና ከምሳ ቀደም ብላ ስትመለስ ዋና አዘጋጇን ራዶስዋቭን ወንበሯ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከዋርሶው ጋዜጣ ባልደረቦች የይለፍ ቃሏን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የሆስፒታል ምስጢር ያወጣችላት ነርስ ስሟ ለሆስፒታሉ ተላልፎ ከሥራ ስትባረር ቦግና የጠረጠረችው እሱን ነበር። ስለዚህ አስቀድማ ኮምፒውተሯን እንደ ተለያዩ ኮምፒውተሮች በሚሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ሰነድ በማያይባቸው ምናባዊ ማሽኖች ከፋፍላው ነበር። የእውነተኛዎቹን ሰነዶች መክፈቻ አቋራጭ ከኮምፒውተሩ ምናሌ አነሳችና በቦታው «ምንጮች» የሚል ሌላ አስቀመጠች። ይህ አቋራጭ የሚከፍተው ከኢንተርኔት የተቆረጠ፣ አንድ ገጽ ብቻ ያለበት ማሽን ነበር።

አሁን ራዶስዋቭ ያንን አቋራጭ ተጫነው። ገጹ ሲከፈት ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«የሥራ መልቀቂያህ ነው» አለችው ከኋላው፣ የታተመውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ነበር የኖረችው። «ስምህን አሳስቼዋለሁ እንዴ?»

ደንግጦ ዞረ። «አብደሻል? እኔ እኮ የጠፋብኝን ጽሑፍ ስፈልግ ነው!»

«ምንጮቼ ውስጥ?»

 «ባልፈርምስ?» አለ።

ቦግና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ምሳ የጋበዘቻት ያቺው ከሥራ የተባረረችው ነርስ ካፖርቷን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«ግቢ» አለቻት ቦግና። «ለምን እንደማይፈርም ላንቺ ይንገርሽ።»

ራዶስዋቭ ነርሷን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ለመፈረም እስክሪብቶ ለመነ።